ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል

«እህቴን ለእኔ ተዉልኝ። እሷ እኔ የምላትን ነው የምትሰማው።»

ድምፁ የወንድሟ ነበር። ሙሽሪት በሦስተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት እጇን ታጥባ፣ የምታደርቅበት ነገር አጥታ፣ ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ እንደ ቆመች ደርቃ ቀረች። በሁለተኛው ፎቅ ውሃ ከጠፋ ወዲህ የቀረው ባለሱቅ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን የነበረው የስፖርት ዕቃ መደብር ሲዘጋ ደግሞ የሕንፃው አስተዳደር ቦታውን በስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ከፍሎ ቢሮ አደረገው። ስለዚህ እዚያ የሚባለው ሁሉ እዚህ ይሰማል፤ እዚህ የሚሆነውም እዚያ መሰማቱ አይቀርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሷ ጆሮ ያን ጠዋት ባዳነቱን ረስቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ሌሎቹስ?» አለ ሌላ ድምፅ። የባለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ነው። «ፎቶ ቤቱም፣ የሕፃናት ልብስ ሻጯም፣ ሁሉም ሕንፃው ሲታደስ ከታች ቅድሚያ የእኛ ነው ተብለናል እያሉ ነው።»

«የአፍ ቃል እኮ ነው፣ ጌታው። ሰብሳቢያቸው እኔ አይደለሁም? እኔ ቦታ የለም ካልኳቸው የለም ነው። እናንተ ብቻ የእኔን የመብራት ዕቃ ሱቅ ባለበት ተዉልኝ፤ ለእህቴም ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ስጧት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያላገኘች ሴት ናት። ያለ ሱቅ አንድ ሳምንት አትቆይም፤ ትሞትብኛለች።»

«እንግዲህ ለእርስዎ ስንል» አለ ሥራ አስኪያጁ። ከዚያ ወንበር ተጎተተ፤ የሻይ ብርጭቆ ተቀመጠ፤ ስለ መኪና ጎማ መወደድ ማውራት ጀመሩ።

ስለ ጎማ! የሰው ዕጣ ፈንታ እንደ ሻይ በሁለት ፉት ተጨለጠና ወደ ጎማ ተዞረ። ሙሽሪት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ያናደዳት የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞከረች። ሌሎቹ መሸጣቸው ነው? በእሷ ስም መሸጣቸው ነው? ወይስ ያቺ «ትሞትብኛለች» የምትለዋ ቃል? ሦስቱንም ደጋግማ አሰበቻቸው። መጨረሻ ላይ በግልጽ የምትከነክናት ሦስተኛዋ ሆና አገኘቻትና በራሷ ይበልጥ ተናደደች።

ሙሽሪት የወጣላት ስሟ አይደለም። በሁለተኛው ፎቅ የሙሽራ ልብስ ታከራያለች። አምሳ ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ የሕንፃው ሰው ግን ጥበቃው ሳይቀር «ሙሽሪት፣ እንዴት አደርሽ?» ነው የሚላት፤ መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፣ አሁን ቀልድነቱን ራሱ የሚያስታውስ የለም። ሕንፃው ሲከፈት በየፎቁ ሰው ይተራመስበት ነበር። አሁን የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ከቆመ ከርሟል፤ ሰው እንደ ተራ ደረጃ ይወጣበታል፣ ጥርሶቹ ግን ለእግር ስለማይመቹ የማይደናቀፍ የለም። የተዘጉት ሱቆች መስታወት ቡናማ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከጣሪያው የሚያፈስሰው ውሃ ሥር የተቀመጠው ባልዲ ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ ሰው እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ዞሮት ያልፋል። ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው ያልሰማው፤ ከጠዋት እስከ ማታ «ውድ ደንበኞቻችን» እያለ ለባዶ ኮሪደር ይለፈልፋል።

ወደ ሱቋ አልገባችም። እግሯ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ተባለችው ክፍል ወሰዳት። በሩ አይቆለፍም። ውስጡ መወልወያ፣ የወለል ሳሙና፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ። ጣሪያው የደረጃው ጀርባ ስለሆነ ከበሩ ጀምሮ እየተንሸራተተ ሄዶ መጨረሻው ላይ ከወለሉ ጋር ይገናኛል። ገብታ ቆመች። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ስትራመድ ጎንበስ ማለት ነበረባት። አሁን የሙሽራ ቀሚስ እዚህ እንዴት ይሰቀላል? ተኝቶ ነው የሚከራየው? ሙሽራዋስ የምትለካው ተንበርክካ ነው? በላይዋ ሰው ሲወርድ የእያንዳንዱ እግር ኮቴ አናቷ ላይ ይመታል። ሳታስበው ሳቋ መጣ።

«እትዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለች አንዲት ልጅ እግር ሴት በሩ ላይ ቆማ። የዕድሳቱ መሐንዲስ ናት፤ ራሷ ላይ ቢጫ ቆብ አጥልቃለች፤ እንደ ሌሎቹ ባለሙያዎች አንገቷን ቀና አድርጋ የምታልፍ አይደለችም፣ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ትላለች። «ክፍሏን ሊያዩ መጡ? ጠባብ ናት፤ ግን ነጭ ቀለም ስትቀባ ትሰፋለች። ሰብሳቢው ለእህቴ ብለው አጥብቀው ስለ ለመኑ ነው እንጂ እኔ ለጽዳት ዕቃ ብዬ ነበር የሣልኳት።»

«ሌሎቹ ከታች የሚሠሩት ሱቆች ለማን ናቸው?» አለች ሙሽሪት፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አስተካክላ።

መሐንዲሷ በእጇ የያዘችውን ታብሌት በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ ሥዕሉን አሳየቻት። ላይኛዎቹ ፎቆች ሕክምና ማዕከል ይሆናሉ፤ መመርመሪያ፣ ማዋለጃ፣ የጥርስ ክፍል። ከታች ፋርማሲ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ መንገዱን ይዘው የተደረደሩ ስድስት ሱቆች። «እነዚህን ባለሕንፃው ለአዲስ ሰው ሊያከራዩ ነው መሰለኝ። ለነባሮቹ ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን ነባሮቹ አንፈልግም ብለዋል ተባልኩ።» ይህን ስትል ምንም ክፋት አልነበረባትም። የተባለችውን ነው ያለችው። ሙሽሪት ልጅቷን ልትቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ምን አጠፋች?

እውነቱን ለመናገር ሙሽሪት ያንን ሱቅ አትወደውም። ከወደደችውም ጊዜው አልፏል። የሰው ሠርግ ደስታ ሲያሳዩዋት መደሰት፣ እናቶች «ይቺ ወገቡ ጋ ትጨማደዳለች» ሲሏት መጨማደዷን ማስተካከል፣ የወይን ጠጅ ጠብታ ማስለቀቅ፣ ይህ ሁሉ ከሰለቻት ሰነባብቷል። ብትዘጋው ትወዳለች። ከዚያ ምን እንደምትሠራ በቅጡ አታውቅም፤ ግን ጠዋት ተነሥታ ወደዚህ ሕንፃ ያለመምጣትን ነገር ስታስብ ደረቷ ቀለል ይላታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ባሏ በተቀበረ ሰሞን ወንድሟ ነው እጇን ይዞ ወደ ቤቱ ያመጣት፤ ከኋላ ያለውን ክፍል ቀለም አስቀብቶ የሰጣት፤ ሱቁን ፈልጎ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀሚሶች በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ደረጃውን ወጥቶ የሰቀለላት። እንዲህ ላደረገ ሰው «ሰለቸኝ» ይባላል? ይህ ውለታ መብላት ነው። ስለዚህ በየቀኑ ትከፍታለች፤ እሱም በየቀኑ ስትከፍት እያየ «ይኸው ሱቋ ነው ያቆማት» ይላል። ሱቁ አንዱ ለሌላው ሲል የሚሸከመው ሸክም ሆኖ ከረመ።

ወደ ሱቋ ስትመለስ እናትና ልጅ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ልጅቷ ሙሽራ ናት፤ የምትለካው ግን እናትየው ነበረች ቢባል ይቀላል፤ እያንዳንዱን ቀሚስ ከልጇ ቀድማ ነካች፣ ገለበጠች፣ አሸተተች። ዋጋው ሲነገራት ከንፈሯን ገልበጥ አድርጋ «ሕንፃው ሊፈርስ ነው እየተባለ በዚህ ዋጋ?» አለች።

«የሚታደሰው ሕንፃው ነው እናቴ፤ ቀሚሱ አይፈርስም» አለች ሙሽሪት።

«እሱማ፤ ግን አንቺም መሄጃሽ ስለሆነ በግማሹ ብትሰጪን ምን አለበት? ቆልለሽ ከምትሄጂ።»

ሙሽራዋ ነጩን ቀሚስ ለብሳ ከመጋረጃው ወጣች። አማረባት። መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለችና በፍርሃት መሳይ ድምፅ «እትዬ፣ የምመልስበት ቀን ይኖራሉ ግን?» ስትል ጠየቀች። ልጅቷ ቀሚሱን የምትመልስበት በር ክፍት መሆኑን ማረጋገጧ ነበር፤ ሙሽሪት ግን ከጠዋት ጀምሮ የታመቀባት ሁሉ በዚህች ጥያቄ ገነፈለ። «እኖራለሁ! አልሞትም! ምን ሆናችሁ ነው ሁላችሁ?» አለች። እናትና ልጅ ተያዩ። ልጅቷ ቀስ ብላ ወደ መጋረጃው ገባች። ሙሽሪት ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ግን ይቅርታውን ለማስረዳት ከየት ይጀመራል? በግማሹ ዋጋ ሰጠቻቸው። እናትየው ድል እንዳደረገች ሁሉ ደረጃውን ስትወርድ ድምፅዋ ከታች ይሰማ ነበር።

ትይዩ ያለው ፎቶ አንሺ ጫጫታውን ሰምቶ ብቅ አለ። ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር የሚያልፍ፣ ድምፁ ሻከር ያለ፣ ቀልድ ካልተናገረ የሚያመው ሰው ነው። ድሮ እሷ ያለበሰቻትን ሙሽራ እሱ ያነሣ ነበር፤ አሁን ሁሉም በስልኩ ነው የሚነሣው።

«ደንበኛ ማባረር ጀመርሽ? እኛ ማባረሪያም አጥተናል» አለና ከበሩ ተደግፎ ቆመ። «ስሚ፣ እኔ ከታች ቦታዬን መርጫለሁ። ፋርማሲው አጠገብ። ሐኪም ቤት ሆነ ማለት እኮ የጉርድ ፎቶ ገበያ ነው። የሕክምና ካርድ ይላል፣ የተወለደ ሕፃን ይላል። ለሚስቴም ነግሬያታለሁ፤ ትናንት ነው መሰለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ያየኋት። ወንድምሽ ግን አፉን ቆልፏል። ለአንቺ ፍንጭ አልሰጠሽም?»

«ምንም አላለኝም።»

እውነቷን ነው። ለእሷ ምንም አላላትም። ግን እውነት ተናግሮ የዋሸ ሰው ምን እንደሚባል ባታውቅም ፎቶ አንሺው ፊቱን እንዳበራ ሲመለስ ጠርታ ልትመልሰው ፈለገች። ለምን አልነገረችውም? ወንድሟን መጀመሪያ ልትጠይቀው ስለፈለገች ነው ብላ ራሷን አሳመነች። ምሳ ሰዓት ይደርሳል፤ ይነግራታል። የሆነ ምክንያት ይኖረዋል። ያልሰማችው ሌላ ግማሽ ይኖራል።

ምሳ ሁልጊዜም በመብራት ቤቱ ነው። የወንድሟ ሚስት በሁለት የምሳ ዕቃ ጠቅልላ ትልካለች። ወንድሟ ሱቁ ሕያው እንዲመስል ብሎ ያለውን መብራት ሁሉ ያበራል፤ ከጣሪያ የተንጠለጠለው፣ ከግድግዳ የተለጠፈው፣ ጠረጴዛ ላይ የቆመው ሁሉ ይነድዳል፤ ሱቁ እንደ ምድጃ ይግላል፤ ማንም አይገባም። ሁለቱ በዚያ ብርሃን ሁሉ መካከል ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲበሉ የአንዱ ፊት ለሌላው አንዳችም የሚሸሽግ ጥላ አይኖረውም። እሱ ግን ቀና አላለም። በደንብ ይበላል። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው ነው፣ ብላ አሰበች፤ ወዲያው ደግሞ በራሷ አፈረች። ይህ ሰው አራጅ ነው? ሳል ሲይዛት ሌሊት በር አንኳኩቶ ሙቅ ውሃ የሚያመጣላት ሰው?

«ዛሬ ስብሰባ አለ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ፊትሽ ልክ አይደለም። ስብሰባው ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው፤ ቀርተሽ ብታርፊ ይሻላል።»

«አልደከመኝም፣ ወንድምጋሼ።»

 ከአንዱ አምፖል ቀጭን የዝንብ ድምፅ የመሰለ ጥዝታ ይወጣል። ጠበቀችው። አሁን ይናገራል አለች። እሱ አፉን ጠረገና የምሳ ዕቃውን ክዳን ገጠመ።

«ለማንኛውም አንቺ አታስቢ። እኔ አስቤልሻለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም» አለ። ተነሥቶም የአንዱን መብራት አቧራ በክርኑ ጠራረገ። ሙሽሪት የቀረ ምግቧን ይዛ ተነሣች። ጠይቂው፣ ጠይቂው እያለ ልቧ ይጎተጉታታል፤ አንደበቷ ግን በዚያ ቤት ለዓመታት የኖረበትን ልማድ በአንድ ምሳ ሰዓት መስበር አቃተው።

ስብሰባው የተጠራው ቀድሞ የቤት ዕቃ ይሸጥበት በነበረው አዳራሽ ነው። ከጣሪያው «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ የሚያወርደው አልተገኘም። የቀሩት ባለሱቆች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ሥራ አስኪያጁ፣ መሐንዲሷና ወንድሟ ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጁ ዘመኑ እንደ ተለወጠ፣ ሰው ከአልጋው ሳይነሣ በስልኩ እንደሚገዛ፣ የገበያ ማዕከል የሚባል ነገር በየቦታው እየሞተ እንደሆነ ተናገረ። ማንም አልተቃወመውም፤ ይህን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። መሐንዲሷ ተነሥታ ሥዕሉን አሳየች። ኮሪደሩ ሰፊ ስለሆነ አልጋ ያሳልፋል፤ የቆመው ደረጃ ይነሣና ሕመምተኛ የሚያወጣ አሳንሰር ይተከልበታል። «ሰው ለመግዛት አልመጣ ቢልም ለመታከም ይመጣል» ስትል ፎቶ አንሺው ጮክ ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ሙሽሪት ሥዕሉን አየችና እውነትም መልካም ነው አለች በልቧ። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሕፃን ሲያለቅስ መስማት «ውድ ደንበኞቻችን» ከመስማት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ፎቶ አንሺው እጁን አወጣ። «ሐሳቡን ወደነዋል። ጥያቄያችን አንድ ነው። ውላችን ሳያልቅ እንድንለቅ ስትጠይቁን ከታች ቅድሚያ ለእናንተ ብላችሁ ነበር። ያ ምን ደረሰ?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንድሟ ተመለከተ። ወንድሟ ተነሣ። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፤ ቁም ነገር ሲናገር እንዲህ ነው። «ወገኖቼ» አለ፤ «እኔ እንደ ሰብሳቢነቴ እስከ መጨረሻው ተሟግቻለሁ። ከታች ፋርማሲ ይገባል፤ መቆያ ክፍል ይገባል። ቦታ የለም። እኔም ያመኛል። እኔ የምናገረው ሳልነካ አይደለም። የገዛ እህቴ፣ ሁላችሁ የምታውቋት፣ ባሏ የሞተባት፣ ያለዚያ ሱቅ መጠጊያ የሌላት እህቴ እንኳ እንደ እናንተው ባዶ እጇን ነው የምትወጣው። ለእሷ ያላደረግኩትን ለማን ላደርግ ነው?»

ሰው ዞሮ አያት። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀላት። የሕፃናት ልብስ ሻጯ እጇን ዘርግታ ትከሻዋን ዳሰሰቻት፣ በሐዘኔታ። ይህች ዳሰሳ ናት የጨረሰቻት። ሙሽሪት ብድግ አለች፤ መነሣቷን ያወቀችው ወንበሩ ከኋላዋ ሲወድቅ ነው።

«ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ለማን ናት?» አለች።

 ወንድሟ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ምን?»

«የመወልወያዋ ክፍል። ለማን ናት? የአንተስ መብራት ቤት የት ይሄዳል?»

«ተቀመጪ እህቴ። ቤት እንነጋገራለን።»

«ቤትማ ተነጋግረን አናውቅም» አለች። ወደ ባለሱቆቹም ዞረች። «ክፍሏ ለእኔ ናት። ወንድሜ ነው የለመነልኝ። የእሱም ሱቅ ባለበት ይቀራል። የእናንተ ቅድሚያ የቀረው በዚህ ነው። እኔ ክፍል ስጡኝ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም። ቆሜም አልገባባትም! ከፋርማሲው ቀጥሎ ደግሞ ስድስት ሱቅ አለ፤ ይኸው እሷ ትንገራችሁ።»

መሐንዲሷ ግራ ተጋብታ አንዴ ሥራ አስኪያጁን፣ አንዴ ሥዕሏን አየች። «አዎ፣ ስድስት ናቸው» አለች፤ «እናንተ አንፈልግም ብላችኋል ተብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። ሁሉም ተነሣ፤ ሁሉም ጮኸ፤ አንዱ ጠረጴዛውን መታ። ሥራ አስኪያጁ «የውስጥ ጉዳያችሁን ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብሎ ወረቀቱን ሰበሰበና መሐንዲሷን አስከትሎ ወጣ። ወንድሟ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ፊቱ ላይ ያለው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። ባልጠበቀው ቦታ ጥፊ የበላ ሰው ፊት ነበር። «እኔ ለቅቄያለሁ፤ ሌላ ምረጡ» አለና ማንንም ሳያይ በመካከላቸው አልፎ ሄደ።

አሁን ያመሰግኑኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እንዲህ ይሆናል ብላም ግን አልጠበቀችም። የሕፃናት ልብስ ሻጯ ቅድም ትከሻዋን በዳሰሰችበት እጅ ጣቷን ቀሰረችባት። «ወንድምና እህት ተከፋፍላችሁ ስትጣሉ ነው እንጂ ባትጣሉ መች ትነግሪን ነበር? የደም ነገር መች ይጠፋል!» አለቻት። ቦርሳ ሻጩ ደግሞ ነገሩ ተበላሽቶ ጨርሶ ባዶ እጃችንን እንዳያስወጡን፣ ምናለ ቀስ ብለሽ ብትይው አለ። ፎቶ አንሺው ብቻ ነው ያልጮኸው። እሱ ቀርቦ ፊት ለፊቷ ቆመ።

«ጠዋት ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወንድሜ ነው!» ብላ ጮኸች። «እስኪነግረኝ ጠበቅሁት። ምሳ እየበላ አልነገረኝም። ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ይህን ሱቅ አልፈልገውም። ከታችም ቦታ አልፈልግም፤ ከላይም አልፈልግም። ሰልችቶኛል! ልዘጋው ነው፤ አሁን ደስ አላችሁ?» እንዲህ ብላ መናገሯን ራሷ ስትሰማው ደነገጠች። ይህን ያህል ዓመት ሆዷ ውስጥ የከረመ ነገር በእንዲህ ዓይነት ትርምስ መካከል፣ «ታላቅ ቅናሽ» ከሚል ጨርቅ ሥር፣ ለቦርሳ ሻጭ ይነገራል ብላ አስባ አታውቅም።

 ፎቶ አንሺው አገጩን አከከ። «ቦታ አትፈልጊም?»

«አልፈልግም አልኩህ እኮ።»

«እንግዲያማ እሷ ትሁን» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ሰብሳቢ እሷ ትሁን። ለራሱ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከመረጥን ነገም ሌላ የደረጃ ሥር ያሳዩትና አለቀ። እሷን በምን ይደልሏታል?»

የሕፃናት ልብስ ሻጯ ጣቷን ወደ ጉያዋ መለሰች። «አፏም ቢሆን አይያዝም» አለች፤ ስድብ ይሁን ምስጋና አልለየም። «እውነቱን ነው፣ እሷ ትሁን።» ቦርሳ ሻጩም ራሱን ነቀነቀ። እጅ ማውጣት ተጀመረ።

«ቆይ ቆይ!» አለች ሙሽሪት፤ አሁን እንባ ሊቀድማት ደረሰ። «እናንተስ? እናንተስ ከእሱ በምን ተሻላችሁ? ክፍል ሲሰጠኝ አልተጠየቅኩ፤ ሹመት ሲሰጠኝም አልተጠየቅኩ! እኔ ሰው አይደለሁም? አንድ ሰው እንኳ ትፈልጊያለሽ ወይ ማለት ያቅተዋል?»

የወጣው እጅ ሁሉ ቀስ እያለ ወረደ። ፎቶ አንሺው ፈገግ ሊል ሲል ተወው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀልድ፣ «ልክ ነሽ» አለ። «ይኸው እንጠይቅሽ። እስከ ድርድሩ መጨረሻ ሰብሳቢያችን ትሆኚልናለሽ?»

የወደቀውን ወንበሯን አነሣች። ተቀመጠች። ቸኩላ መልስ እንዳትሰጥ ሆን ብላ ቆየች፤ ተጠይቃ ማሰብ እንዲህ ዕረፍት እንዳለው አታውቅም ነበር። እነሱም ጠበቋት።

«ወንድሜም እንደማንኛችሁም ቦታ መጠየቅ ይችላል» አለች በመጨረሻ። «አልቀጣውም። ይህ ካስማማችሁ እሺ።»

አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። ከዚያ ተስማሙ።

ወንድሟ መኪናውን አስነሥቶ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ትቷት ይሄዳል ብላ ነበር፤ እንዲያውም ቢሄድ ይቀላት ነበር። ገባችና በሩን ዘጋች። ከመንገዱ ግማሽ በላይ ሄዱ። የትራፊክ መብራት ሲያስቆማቸው መሪውን እንደያዘ፣ ወደ እሷ ሳይዞር ተናገረ።

«ለአንቺ ስል ነው።»

«ለእኔና ለመብራት ቤትህ።»

 አረንጓዴ በራ፤ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋበት። «እሺ፣ ለሁለታችን» አለ። «ግን በሰው ፊት? እንደዚያ ታዋርጂኛለሽ?»

«አንተስ በሰው ፊት አላዋረድከኝም? መጠጊያ የሌላት ስትለኝ እንዴት አድርገው እንዳዩኝ አላየህም? ለምን አልጠየቅከኝም፣ ወንድምጋሼ?»

«ብጠይቅሽ ምን ትዪ ነበር?»

«ልዝጋው እል ነበር።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። ዞር ብሎ አያት፤ መንገዱን ረስቶ። «ሱቁን? አንቺ?»

«ከስንት ጊዜ ጀምሮ።»

«እኔ ደግሞ ያለ ሱቁ ትሞቺብኛለሽ እያልኩ…»

«ባሌ የሞተ ጊዜ ያልሞትኩ ለሱቅ እሞታለሁ?» አለች። ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ የቀረው ድካም ነው። «አንተ ነህ እንጂ የፈራኸው። እኔ አይደለሁም።»

መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ለጊዜው በመስታወቱ ወደ ውጭ አየ። ያን ጊዜ ከቀብሩ ሲመለሱ እንዴት እንደነበረች፣ ሳትበላ ሳትጠጣ ግድግዳ ስታይ እንደምትውል፣ ሌሊት እየተነሣ በሯ ላይ ጆሮውን ደቅኖ መተንፈሷን ያዳምጥ እንደነበር ነገራት። ይህን ነግሯት አያውቅም። እሷም አታውቅም ነበር። እጁን ልትይዘው አስባ፣ ደግሞ ከአዳራሹ የፎቶ አንሺው ፊት ትዝ አላትና እጇን ባለበት ተወችው።

«ሰብሳቢ ማንን መረጡ?» አለ መኪናውን መልሶ ሲያስነሣ።

«እኔን።»

ሳል ይሁን ሳቅ ያልለየ ድምፅ ከደረቱ ወጣ። የቤቱ በር ጋ ሲደርሱ፣ ቁልፉን እየነቀለ፣ «እኔስ ከታች ቦታ አገኛለሁ?» ሲል ጠየቃት። ሲጠይቃት አንገቱን ሰበር አድርጎ ነበር።

«ከሌሎቹ ጋር አብረህ ትጠይቃለህ። ዕጣ ከሆነም ዕጣ ነው። ላዳላልህ አልችልም።»

«አላልኩሽም» አለ።

ሚስቱ ራት አቅርባ ትጠብቃቸው ነበር። አንዱን ስታይ ሌላውን ስታይ ቆየችና፣ እንደ ሁልጊዜው ወደ ባሏ ዞራ «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አለች።

ወንድሟ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ። እንደ ሁልጊዜው «ደህና ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ በእጁ ወደ እህቱ አመለከተ።

«እሷን ጠይቂያት።»

ሙሽሪት ተቀመጠች። ውሃ ጠጣች። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር መናገር ጀመረች። ገና ሩብ ሳትደርስ ወንድሟ «እንዲህ አላልኩም» ሲል አቋረጣት። «ብለሃል፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት» አለችው። ሚስትየው ማንኪያዋን አስቀመጠች። ራቱ ቀዘቀዘ። እነሱ ግን ገና መነጋገር መጀመራቸው ነበር።